ባሌስትራው ደህና ነው

የሱሉልታውን ጋራዤን የዘጋሁት ባለፈው ሰኔ ነው። ወገቤ ከመኪና ሥር መግባት ካስቸገረው ቆይቷል፤ ሁለት ጊዜ ገብቼ መውጣት አቅቶኝ በእግሬ ተጎትቼ ወጥቻለሁ። ግን ወገቤም ሰበብ ነው። አሁን አሁን የሚመጡት የጃፓን መኪኖች ባሌስትራቸው ሲሰበር ባለቤቱ አዲስ አበባ ይወርድና አዲስ ገዝቶ ይመጣል። የኔ ሥራ ብሎን ፈትቶ ብሎን ማሰር ሆነ። ይህንን ለማድረግ ሠላሳ ዓመት ግድም እሳት ፊት መቆም አያስፈልግም ነበር።

ባሌስትራን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። መኪናው ከጎማው በላይ የሚቀመጥበት፣ እንደ ቀስት የጎበጠ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበረ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ረጅሙን «እናትየው» እንለዋለን፤ ሌሎቹ ከሥሯ እያጠሩ ይሄዳሉ። ጭነት ሲመጣ ይረግባል፣ ጭነት ሲወርድ ይመለሳል። ሰው ሁሉ ሞተር ያደንቃል። ሞተሩን የተሸከመውን ግን ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ጎንበስ ብዬ ነው የኖርኩት፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን ግን አንዲት ፒክ አፕ ብቻ ከልቤ አልወጣ ብላኛለች።

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ ነው። ጣልያን ወጥቶ ብዙም አልቆየም፤ እኔ ከመንዝ የመጣሁ፣ ከአማርኛ በቀር ቋንቋ የማላውቅ ጎረምሳ ነበርኩ። ጣልያን ጥሎት በሄደ አንድ ጋራዥ ውስጥ ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ የባሌስትራ ባለሙያ ነበሩ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሲናደዱ ይባስ የሚለሰልሱ ሰው ናቸው። የጅማ መንገድ ከባድ መኪና ሁሉ እሳቸውን ፈልጎ ይቆማል። ብረት ማጋልን፣ መቀጥቀጥን፣ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ መንከርን ከሳቸው ተማርኩ። የጋለው ብረት የበሰለ ቲማቲም ሲመስል ነው የሚወጣው፤ ከዚያ ካለፈ ተቃጥሏል፣ ይሰበራል። ዘይቱ ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ እንኳ ያዳምጡ ነበር። ከቀዘቀዘ በኋላ በገመድ አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ ነካ ያደርጉታል፤ ካልጮኸ መልሰው እሳት ውስጥ ይከቱታል።

ይህን ማንም ሊማር ይችላል። ሊቀዳ ያልቻለው ልማዳቸው ሌላ ነው። ጋሽ ዘርጋው ባዶ መኪና አይነኩም። ሾፌሩ «ኋላው ወድቋል» ካለ «ሂድና የምትጭነውን ጭነህ ና» ይሉታል፤ ተሳቢ የሚጎትት ከሆነ ተሳቢውን ከነጭነቱ አስቀጥለው ነው የሚያዩት። ቆረጥ ቆረጥ ያደረጉት ሽመል አላቸው። በሽመሉ ከመሬት እስከ ጭቃ መከላከያው ያለውን ከፍታ በአራቱም ጎማ ይለካሉ፣ ተሳቢው ተፈትቶ አንድ ጊዜ፣ ታስሮ ደግሞ አንድ ጊዜ። ኋላው ወርዶ ፊቱ ካልተነሳ ባሌስትራው ደክሟልና ይፈታል። ኋላው ወርዶ ፊቱ ደግሞ ከተነሳ ግን መፍቻውን ያስቀምጣሉ። «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» ይላሉ፣ «ተሳቢው አፍንጫው ላይ ነው የተጫነው። ጭነቱን ወደ ጎማው ሳብ አድርጉት። የፊት ጎማ መሬት ካልጨበጠ መሪው ለጌጥ ነው።»

ሌላም ነበራቸው። ሾፌሩ በሽታውን ከተናገረ በኋላ እሳቸው ደግመው ይነግሩታል፤ «እንዲህ ነው ያልከኝ?» ብለው ሰውየው «አዎ» ሳይል አይነሱም። ሾፌሩ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነ ደግሞ ዘበኛውን ፈይሳን ጠርተው ያስተረጉማሉ። እኔ ይገርመኝ ነበር፤ ምክንያቱም ገበያ ሲወጡ በኦሮምኛ ሲከራከሩ ሰምቻቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ ቋንቋውን ያውቁት የለም እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ገበያ ላይ አውቃለሁ» አሉ፣ «መኪና ሥር አላውቅም።»

ያን ጊዜ ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ከሰበታ ወደ ቡራዩ የሄድኩት ደመወዙ ስለሚሻል ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ከካባ ድንጋይ የሚያመላልሱ መኪኖች ነበሩ። የጋራዡ ኃላፊ አቶ በየነ ጥሩ ሰው ሆነው ችኩል ናቸው። መኪና ዘመም ብሎ ሲገባ ገና ከሩቅ «ጨምርበት!» ይላሉ። አንድ ብረት እጨምራለሁ። በሳምንቱ ይመለሳል፤ «ጨምርበት!» ሌላ እጨምራለሁ። ሾፌሮቹ «ኩላሊታችን ወደቀ» እያሉ ያለቅሳሉ፣ መኪኖቹ ግን ድንጋይ ተሸክመው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። መለካቱም መጠየቁም ቀረ። ሾፌሮቹ እኔንም «ጨምርበት» ብለው ስም አወጡልኝ፤ እንዳላፍርበት ደግሞ ወደድኩት። ስሙ የማን ሥራ እንዳስረሳኝ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሱሉልታ የገባሁት በሚስቴ በዲንቄ ምክንያት ነው። የአባቷ ቤተሰብ እዚያው አርሶ የኖረ ነው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም አፏን የፈታች ናት። ከመንገዱ ዳር ቆርቆሮ ያለበሰ መጠለያ ሠራንና የራሴን ሥራ ጀመርኩ። ኦሮምኛ ከአማቶቼ ትንሽ ትንሽ ለቀምኩ። ሰላምታው፣ ምግቡ፣ ከብቱ፣ ፊትና ኋላው ይገባኛል። አንድ ጊዜ ለሠርግ ባዶ እጄን ሄጄ አማቴ «ሳልጲና!» ስትለኝ ውርደት ማለት መሆኑን ተማርኩ፤ እንደዚያ የተማሩት ቃል ደግሞ አይረሳም። ደንበኛ ሲመጣ ዲንቄን ልጥራት ብል የምትመጣበት መንገድ አምሳ እርምጃ አይሞላም። አልጠራኋትም። የሰው ቋንቋ በራሴ መቻሌ ያኮራኝ ነበር።

አንድ ድንጋይ የሚመረምር ፈረንጅ እኛ ሰፈር ሜዳ ላይ የሰፈረው በዚያ ጊዜ ነው። መኖሪያው ጎማ ያለው ነጭ ቤት ነበር፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ መጋረጃ ሳይቀር አለው። በፒክ አፕ አስጎትቶ ከአገር አገር ይዞት ይዞራል። የገበያ ሴቶች «ፈረንጁ ጎጆውን አግብቶ መጣ» እያሉ ይሳሳቃሉ፤ በፒክ አፗም ይስቃሉ፣ ቤቱን ስትጎትት ኋላዋ መሬት ሊነካ ደርሶ ቂጧን እየጎተተች ነው የምትሄደው። ሾፌሩ ኦቦ ጉተማ የሱሉልታ ሰው ናቸው፤ ከኔ በአሥር ዓመት ይበልጣሉ። ጭምት፣ ንጹሕ ለባሽ፣ መኪናዋን በየማለዳው የሚያጥቡ ሰው። አማርኛቸው ከሰላምታ ብዙም አያልፍም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፒክ አፗን ብቻ ይዘው መጡ። ቤቱ ሜዳው ላይ ቀርቷል፤ ፈረንጁ በማግሥቱ እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሊገባ ነው። ኦቦ ጉተማ ወደ መኪናዋ ኋላ ጠቆሙ፣ ከዚያ ወደ ፊቷ ዞሩና እንዲህ አሉኝ፦

«ዱብኒ ኡልፋቴ፣ ዱርሪ ሳልጰቴ።»

ኋላው ከበደ፤ ይሄ ገባኝ። ቀጥሎ ደግሞ ፊት፣ ከዚያ ያቺ የአማቴ ቃል። ሰው ፊት ተዋረድኩ ማለታቸው መሰለኝ። የገበያ ሴቶች ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፣ እንዲህ ያለ ጭምት ሰው ማፈሩም አልገረመኝም። አዘንኩላቸው እንኳ።

«ገባኝ፣ ገባኝ ኦቦ ጉተማ። ሁለተኛ ማንም አይስቅብዎትም» አልኳቸው።

እሳቸው ትንሽ ግራ እንደተጋቡ አዩኝ። ሄደው የሞተሩን ክዳን በሁለት መዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉና ቀና ብለው እንደገና አዩኝ። እኔ መኪናቸውን የሚያወድሱ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁላቸው።

ባሌስትራውን ፈታሁ። ከእናትየዋ በቀር ሁሉንም አግዬ አጎበጥኳቸው፤ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ብረት ጨመርኩ፤ በየመሐላቸው ግራሶ ቀብቼ አሰርኩ። ሥራው ያምር ነበር። ዛሬም ቢሆን ያን ሥራ ከእጄ ከወጡት መልካሞቹ አንዱ ነው እላለሁ፣ ይህን ስል ደስ ብሎኝ አይደለም። ፒክ አፗ ኋላዋን አንስታ እንደ ሙሽራ ቆመች። ተሳቢውን አምጡና ቀጥለን እንይ አላልኩም። ሽመል አልያዝኩም። ኦቦ ጉተማ መኪናዋን ዞረው አይተው አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። የባለሙያን ሥራ መንቀፍ ነውር ሆኖባቸው ይሆናል። «ገለቶሚ» አሉኝ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወሬው መጣ። እንጦጦን ሲወጡ መታጠፊያው ላይ መኪናዋ አልታጠፍ ብላ ቀጥ ብላ ወደ ገደሉ ሄዳለች። ፈረንጁ በሌላ መኪና ቀድሞ ስለሄደ ኦቦ ጉተማ ብቻቸውን ነበሩ። ሰው ሁሉ ሮጠ፣ እኔም ሮጥኩ። ነጩ ቤት በጎኑ ተጋድሟል፤ ፒክ አፗ ባሕር ዛፍ ላይ ተደግፋለች። ኦቦ ጉተማን አውጥተው ሣር ላይ አስተኝተዋቸዋል፤ ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች እግር አይመስልም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት እሳቸውን አይደለም። ጎንበስ ብዬ ባሌስትራዬን ነው ያየሁት። አንድም ብረት አልተሰበረም፣ አንድም ብሎን አልላላም። ተመስገን አልኩ። ይህን ቃል ያን ቦታ ላይ ማለቴን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ቀጥሎ የወደቀውን ቤት ውስጡን አየሁ። ፈረንጁ የሰበሰበው ድንጋይ በሳጥን በሳጥን ሆኖ ሁሉም ወደ ፊት፣ መጎተቻው በላይ ተከምሯል። የጋሽ ዘርጋው ሽመል ትዝ አለኝ።

ለምሳ ቤት ገብቼ ዲንቄን ጠየቅኋት። ኦቦ ጉተማ ያሉኝን ቃል በቃል ነገርኳት፤ ሰው ፊት ተዋረድኩ ማለታቸው አይደለም ወይ አልኳት።

መጀመሪያ በአነጋገሬ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች።

«ቀለለ ነው እኮ ያለህ። ሳልጰቴ ማለት ቀለለም ማለት ነው። ኋላው ከበደ፣ ፊቱ ቀለለ። የመኪናው ፊት ነው እንጂ የሱ ፊት መች ሆነ!»

የያዝኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ምን አደረግክለት ታዲያ?»

«ኋላውን አነሳሁለት።»

«ፊቱን ነው እኮ የነገረህ» አለች ዲንቄ። «አምሳ እርምጃ ነው ያለሁት። ለምን አልጠራኸኝም?»

አያችሁ፣ ባሌስትራ መጨመር ኋላውን ያነሳዋል እንጂ ለፊት ጎማ ክብደቱን አይመልስለትም። ድንጋዩ አሁንም መጎተቻው ላይ ነው ያለው። እኔ ያደረግሁት በሽታው እንዳይታይ ነው። ቂጧ ስትጎተት ኦቦ ጉተማ ፈርተው ቀስ ይሉ ነበር፤ ቀና ስትል ዳነች ብለው አመኗት። ዳገቱ ደግሞ የቀረውን ክብደት ወደ ኋላ ወሰደው። ሁለት ሳጥን ድንጋይ ወደ ጎማው ማስጠጋት በቂ ነበር። መፍቻ እንኳ አያስፈልገውም።

በማግሥቱ ፖሊስና ፈረንጁ መጡ። ኦቦ ጉተማ ሐኪም ቤት ሆነው «መሪው አልታዘዘኝም» ብለዋል። መሪው ሲታይ ደህና ነው፣ ፍሬኑም ደህና ነው። ከአደጋው በፊት ያለውን ሌሊት የዘመድ ለቅሶ ቤት ማደራቸውን ሰው ተናግሯል። የቀረው የኔ ቃል ነበር።

«ባሌስትራውን የሠራኸው አንተ ነህ?» አለኝ ፖሊሱ።

«እኔ ነኝ።»

«ባሌስትራው ደህና ነው?»

«ባሌስትራው ደህና ነው» አልኩ።

ጻፈው። አስፈረመኝ። ውሸት አልነበረም፤ አምጥተው ቢፈቱት እስከ ዛሬም ደህና ነው። ሌላ ነገር የጠየቀኝ የለም። እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም። ጋራዡ ገና ዓመት አልሞላውም፣ ደንበኛዬ የሚቆጠር ነው፣ ዲንቄ ነፍሰ ጡር ናት፤ ይህን ሁሉ ለራሴ ደረደርኩለት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሾፌሩ ተኝቶ ነው የሚል ሆነ። ኦቦ ጉተማ መንጃ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ፣ ከሥራ ወጡ፣ እግራቸው ተቆረጠ።

ማታ ዲንቄ «ነገርካቸው?» አለችኝ። «ባሌስትራው ደህና ነው አልኳቸው» አልኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አንስታብኝ አታውቅም። ባታነሳብኝም ግን ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሳልጠራት ከቤት ወጥታ አጠገቤ ትቆም ጀመር። እሷ ያልተረጎመችለት ኦሮምኛ ተናጋሪ ሾፌር አልነበረም፤ በመጨረሻ እኔ ራሴ ቋንቋውን እስክለምደው ድረስ።

የኦቦ ጉተማ ሚስት ጫልቱ ትባል ነበር። ባሏ ሥራ ከፈታ በኋላ እንጦጦ እየወጣች የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ አዲስ አበባ መሸጥ ያዘች። በጋራዤ ፊት ነው የምታልፈው። ጎንበስ ብላ ስትሄድ እኔም ከመኪና ሥር እገባለሁ፤ ሥራ ባይኖርም እገባለሁ። ለዓመት በዓል ጤፍ በዲንቄ እጅ እልክላቸው ነበር። እኔ ራሴ ግን አንድም ቀን ደጃቸውን አልረገጥኩም። ሰው ደግሞ ያወራል፦ ጫልቱ ባሏን «በለቅሶ አድረህ መኪና አትያዝ ብዬህ ነበር፤ ተኝተህ ነው ያጠፋኸን» እያለች ትነዘንዘዋለች ይላል። እሱ አልተኛሁም ይላል፤ እሷ አታምነውም። እንዲህ ሲሉ ዓመቶች ሄዱ።

ጋራዡን በዘጋሁ በሳምንቱ ወደ ኦቦ ጉተማ ቤት ሄድኩ። ለምን ያን ቀን እንደሆነ አላውቅም። መፍቻ ሳይዝ የዋለ እጅ ምን እንደሚሠራ ግራ ይገባዋል፤ ምናልባት እሱ ነው። ጫልቱ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ኦቦ ጉተማ በረንዳ ላይ ክራንቻቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ደበላ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነው፤ እሱም ነበረ። በኦሮምኛ ነው የተነጋገርነው፤ አሁን አስተርጓሚ አያስፈልገኝም።

«ኦቦ ጉተማ፣ ያን ቀን እርስዎ አልተኙም» አልኳቸው። «ፊቱ ቀለለ ብለው ነግረውኝ ነበር። እኔ ሌላ ሰማሁ። ከአደጋው በኋላ አወቅሁት፤ አውቄ ዝም አልኩ።»



«አለመተኛቴን እኔ አላውቅም እንዴ?» አሉ።

«ለምን አልከሰሱኝም ታዲያ?»

«ባሌስትራው ደህና ነው ብለህ ፈርመሃል። ደግሞም ደህና ነበር። ምን ብዬ ልክሰስህ?» ክራንቻቸውን አስተካከሉ። «አንድ ጊዜ ልመጣብህ ተነስቼ ነበር። ጫልቱ ሕመሟ የጠና ጊዜ። መጥተህ ባልሽ አልተኛም ብለህ አንድ ቃል እንድትነግራት። መንገዱ ጋ ስደርስ ተመለስኩ።»

«ለምን?»

«እምቢ ብትለኝስ? ያን ጊዜ እሷ ፊት ሁለተኛ ጊዜ ውሸታም እሆናለሁ። አንዱ ይበቃኛል ብዬ ነው።»

እምቢ አልልም ነበር ልላቸው ፈለግሁ። አፌ ላይ ደረሰ። ግን እምቢ እል እንደሆን አላውቅም፣ እስከ ዛሬም አላውቅም። እንደገና እንዳልዋሽ ዝም አልኩ። ጉልበታቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ይቅር ብያለሁ» አሉ። «የሷን ግን እኔ ልሰጥህ አልችልም። የሷ የሷ ነው።»

ደበላ ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማ።  ስነሳ እስከ አጥሩ በር ሸኘኝ። እጄን ዘረጋሁለት፤ አልጨበጠኝም፣ ግን አልተቆጣም።

«እናቴ ጤፉ በመጣ ቁጥር» አለኝ በአማርኛ፣ «አባቴን አስቀምጣ ትመርቅዎት ነበር። ሰው ማለት እሱ ነው ትለው ነበር።»

በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።